በጾም ወራት ወተት በስንት ይሸጥ?

ለወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ

መግቢያ

በቅበላው ሳምንት ወተት ይሻማል። ቡና ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ የሠፈሩም ነዋሪ በማኅበሩ መሸጫ በር ላይ ይሰለፋል። ሰኞ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ቅዳሜ ዕለት ተጨማሪ ወተት ሲለምን የነበረው ደንበኛ ዕቃውን አጥቦ ይሰቅላል። ጾሙ 55 ቀን ነው። ከዚህም ሌላ በኅዳር አጋማሽ ገብቶ እስከ ገና የሚዘልቀው የነቢያት ጾም፣ በነሐሴ የሚውለው የፍልሰታ 15 ቀን፣ ርዝመቱ በየዓመቱ የሚለዋወጠው የሐዋርያት ጾም፣ እንዲሁም ከበዓለ ኀምሳ በስተቀር በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ላሟ ግን አትጾምም። ጠዋትና ማታ ትታለባለች። ሳትታለብ የዋለች እንደሆነ ጡቷ ይታመማል፣ ወተቷም ይቀንሳል።

ስለዚህ በጾም ወራት ለወተት ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ የሚቀርበው ጥያቄ በየዓመቱ ያው ነው። ወተቱ በስንት ይሸጥ? ለአባልስ ስንት ይከፈል? የማይሸጠውንስ እንቀበል ወይስ እንመልስ? በብዙ ማኅበራት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በልማድ የተያዘ ሲሆን፣ ልማዱም አባላትን ሲጎዳ አይተናል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው አንድ ቀላል የስሌት ዘዴ ነው። ዘዴው ከመደመርና ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ትምህርት አይጠይቅም።

ያጋጠመን ነገር

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ፣ ከሱሉልታ እስከ ፍቼ ድረስ፣ ወተት ዋና የገቢ ምንጭ የሆነባቸው ብዙ ቀበሌዎች አሉ። በዚያ አካባቢ በአንድ ማኅበር በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ተገኝተን ነበር። አባላት ገና ጎሕ ሲቀድ ወተታቸውን ይዘው መጥተዋል። ወተት ተቀባዩ ግን ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሊትር ብቻ እየለካ የቀረውን ይመልሳል። አንዲት እናት አራት ሊትሩን ይዛ ስትመለስ፣ “ፉርሽካውን የገዛሁት ለስድስት ሊትር ነው” አለች። የተናገረችው ለማንም አልነበረም።

ኋላ መዝገቡን ስንመለከት አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት በቀን 250 ሊትር በ58 ብር ለመግዛት ጠይቆ እንደነበረ አገኘን። ኮሚቴው ያልተቀበለበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ሲል አስፍሯል፦ “የአንድ ሊትር ወጪያችን 60 ብር ስለሆነ በኪሳራ አንሸጥም።” 60 ብር የሚለው ቁጥር በትክክል የተደመረ ነው። ለዚህ ውሳኔ ግን አያገለግልም። ምክንያቱን ለማስረዳት የዚህኑ ማኅበር ዓይነት ሒሳብ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አስተካክለናቸዋል። የዛሬ ገበያ ዋጋ ተደርገው እንዳይወሰዱ እናሳስባለን፤ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ቁጥር በቦታው ያስገባ።

ወጪን ለሁለት ስለ መክፈል

የማኅበሩ ወጪ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ወተቱ በጨመረ ቁጥር የሚጨምር፣ በቀነሰ ቁጥር የሚቀንስ ወጪ አለ። ይህን ተለዋዋጭ ወጪ እንለዋለን። ወተት መጣም አልመጣም የሚከፈል ወጪም አለ። ይህን ደግሞ ቋሚ ወጪ እንለዋለን።

አንዱን ከሌላው ለመለየት አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይበቃል፦ “ከነገ ጀምሮ 100 ሊትር ብንቀንስ ይህ ወጪ ከነገ ጀምሮ ይቀንሳል ወይ?” መልሱ አዎን ከሆነ ተለዋዋጭ ነው፤ አይደለም ከሆነ ቋሚ ነው። እኛ ራሳችን ይህን ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ስናስተምር የዘበኛውንና የማሽን ሠራተኛውን ደመወዝ በሊትር አካፍለን ከተለዋዋጩ ጋር ደምረነው ነበር። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የነበሩት አሮጊት እጃቸውን አውጥተው፣ “ልጆቼ፣ ዘበኛው በጾም ደመወዙን ይቀንስልናል ወይ?” ብለው ጠየቁን። ሰሌዳውን አጥፍተን እንደገና ጻፍነው።

አንዳንዱ ወጪ እንደ ውሉ ይለያያል። ወተቱን ወደ ከተማ የሚወስደው አይሱዙ በሊትር የሚከፈለው ከሆነ ተለዋዋጭ ነው። በወር ኪራይ የተያዘ እንደሆነ ግን ግማሽ ጭኖ ቢሄድም ክፍያው ያው ስለሆነ ከቋሚው ጋር ይደመራል። ማቀዝቀዣውም በግማሽ ቢሞላ መሥራቱን ስለማይተው መብራቱን ከቋሚ ወጪ መቁጠር ይቀላል። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ትልልቆቹ ወጪዎች በትክክል ከተለዩ ትንንሾቹ ውሳኔውን አይለውጡትም።

በምሳሌአችን ማኅበሩ በአዘቦት ጊዜ በቀን 600 ሊትር ሰብስቦ በ65 ብር ይሸጣል። የአንድ ሊትር ተለዋዋጭ ወጪ የሚከተለው ነው።

ለአባሉ የሚከፈል — 50 ብር
ከመሰብሰቢያ ጣቢያ ወደ ማቀዝቀዣ ማጓጓዣ — 1 ብር
ከማቀዝቀዣ ወደ ከተማ ማጓጓዣ — 2 ብር
ለምርመራ፣ ለሳሙናና ለዕቃ — 1 ብር
ለሚበላሽና ለሚፈስ — 1 ብር
ድምር — 55 ብር

ቋሚ ወጪው፣ ማለትም ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የማሽኖች እርጅናና የብድር ወለድ፣ በወር 90,000 ብር ወይም በቀን 3,000 ብር ነው። ኮሚቴው 3,000 ብሩን ለ600 ሊትር አካፍሎ 5 ብር አገኘ። ይህንንም በ55 ብር ላይ ደምሮ 60 ብር አለ።

የሊትር መዋጮ

አሁን 60 ብር የሚለውን ቁጥር ለጊዜው ወደ ጎን እንተወውና ሌላ ቁጥር እንፈልግ። አንድ ሊትር በ65 ብር ሲሸጥ 55 ብሩ ለራሱ ለሊትሩ ወጪ ይሄዳል። 10 ብር ይተርፋል። ይህ 10 ብር ትርፍ አይደለም። የዘበኛውን፣ የሒሳብ ሠራተኛውን፣ የኪራዩንና የወለዱን ወጪ ለመሸፈን ሊትሩ የሚያዋጣው ድርሻ ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች ኮንትሪቢውሽን ማርጅን ይሉታል፤ እኛ የሊትር መዋጮ እንለዋለን። ስያሜውን ከዕድር ወስደነዋል። አንድ የዕድር አባል የድንኳኑን ዋጋ ለብቻው አይከፍልም፤ የድርሻውን ያዋጣል። መዋጮዎቹ ተደምረው ድንኳኑ ከተገዛ በኋላ የሚመጣው መዋጮ በሳጥን ይቀመጣል።

በዚህ መሠረት ማኅበሩ የቀኑን 3,000 ብር ለመሸፈን በ10 ብር መዋጮ 300 ሊትር መሸጥ አለበት። ከ301ኛው ሊትር ጀምሮ የሚገኘው 10 ብር ትርፍ ይሆናል። በአዘቦት ቀን 600 ሊትር ሲሸጥ መዋጮው 6,000 ብር ስለሚሆን 3,000 ብር ይተርፋል።

ጾም ሲገባ ምን ይሆናል? መደበኛ ደንበኞች፣ ይኸውም የማይጾሙ ነዋሪዎች፣ የሕፃናት እናቶች፣ ሆስፒታልና ጥቂት ሆቴሎች፣ 200 ሊትር ብቻ ይወስዳሉ እንበል። መዋጮው 2,000 ብር ሲሆን ማኅበሩ በቀን 1,000 ብር ይጎድልበታል። (ሙስሊም ነዋሪዎች በሚበዙበት ከተማ ቁጥሩ የተለየ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በመጋቢት መጀመሪያ አብረው ገብተው ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት የማታውን ወተት ለአፍጥር ሰዓት ማድረስ የቻለ ማኅበር ከሌሎቹ የተሻለ ይሸጣል።)

በዚህ ጊዜ ኮሚቴዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች አንዱን ሲሠሩ እናያለን። የመጀመሪያው ቋሚ ወጪውን ለ200 ሊትር እንደገና ማካፈል ነው። 3,000 ለ200 ሲካፈል 15 ብር ስለሚሆን “ወጪያችን 70 ብር ደርሷል” ተብሎ መሸጫው ወደ 70 ብር ከፍ ይላል። ገዥ በጠፋበት ወቅት ዋጋ መጨመር የቀረውንም ገዥ ማራቅ ነው። በ70 ብር የሚገዙት ሰዎች 120 ሊትር ብቻ ቢወስዱ መዋጮው 15 ጊዜ 120፣ ማለትም 1,800 ብር ይሆናል። በ65 ብር ከሚገኘው 2,000 ብር ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ከላይ ያየነው ነው። ማቀነባበሪያው 250 ሊትር በራሱ በር ላይ በ58 ብር እገዛለሁ አለ። የአንዱ ሊትር ተለዋዋጭ ወጪ 55 ብር ስለሆነ መዋጮው 3 ብር፣ በጠቅላላው በቀን 750 ብር ነው። ኮሚቴው ጥያቄውን ሲመልስ ቋሚ ወጪው አንድ ሳንቲም አልቀነሰም፤ ዘበኛው፣ ኪራዩና ወለዱ እንዳሉ ናቸው። የቀረው 750 ብሩ ነው። በ55 ቀን 41,250 ብር ይሆናል። አሥር ብር የሚያዋጣ ባይገኝ ሦስት ብር የሚያዋጣውን ከደጅ የሚመልስ ዕድር የለም።

ስለዚህ ለአጭር ጊዜና ለትርፍ ወተት ዋጋ ሲጠየቅ መነሻው ወለል ተለዋዋጭ ወጪው ነው። ከእርሱ በላይ የሚገኝ ሳንቲም ሁሉ ቋሚውን ወጪ ያግዛል። ከእርሱ በታች የሚሸጥ ሊትር ደግሞ ከማኅበሩ ኪስ እያወጣ ይሄዳል።

ስለ ድርድር አንድ ነገር እንጨምር። ኮሚቴዎች የሚከራከሩት በሊትር ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ወተቱን ማን ያጓጉዘዋል የሚለው ግን አንዳንዴ ከዋጋው ይበልጣል። ማቀነባበሪያው ቦቴ መኪናውን ወደ ማኅበሩ ማቀዝቀዣ ቢልክ 2 ብር ማጓጓዣ ስለሚቀር ተለዋዋጭ ወጪው 53 ብር ይሆናል። በዚህ ሁኔታ በራሳችን በር ላይ በ57 ብር መሸጥ መዋጮው 4 ብር ነው፤ በእነርሱ በር ላይ በ58 ብር ከመሸጥ ይሻላል። በራሳችን በር ላይ 58 ብሩን ካስጠበቅን መዋጮው 5 ብር፣ በቀን 1,250 ብር ይሆናል። ከመደበኛው 2,000 ብር ጋር ሲደመር 3,250 ብር ስለሚሆን ማኅበሩ በጾም መካከል እንኳ ቋሚ ወጪውን ሸፍኖ 250 ብር ይተርፈዋል።

ቅናሹ ወደ መደበኛው ገበያ እንዳይፈስ

እዚህ ላይ የልማት ሠራተኞች በብርቱ ሊያስጠነቅቁ ይገባል። ለማቀነባበሪያው 58 ብር መሸጡን የሰማ ሆቴል “ለእኔም በ58 አድርጉልኝ” ማለቱ አይቀርም። ኮሚቴው እሺ ካለ በ200 ሊትር ላይ ከእያንዳንዱ 7 ብር፣ በጠቅላላው በቀን 1,400 ብር ያጣል። ከማቀነባበሪያው ያገኘው ግን 1,250 ብር ነው። እንዲህ ከሆነ ጥያቄውን ጨርሶ አለመቀበል ይሻል ነበር።

ስለዚህ ቅናሽ ከመስጠት በፊት ሁለቱ ገበያዎች ተለይተው መቆየት መቻላቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማቀነባበሪያው በቀን የተወሰነ መጠን በአንድ ጊዜ፣ በጅምላና ከማኅበሩ በር የሚወስድ ነው። ሆቴሉ 10 ወይም 15 ሊትር በሚፈልግበት ሰዓት ደጁ ድረስ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ይህ ልዩነት ለሆቴሉ ሊነገረው የሚችል እውነተኛ ምክንያት ነው፤ በ58 ብር የሚፈልግ ከሆነ 250 ሊትር በራሱ መኪና ይውሰድ። በዚያው ከተማ ለሚገኝ ቸርቻሪ ግን በቅናሽ መሸጥ ፈጽሞ አይመከርም። ወተቱ ዞሮ የራሳችሁን ደንበኛ ይወስድባችኋል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ የሚያበቃበት ቀን፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ይመልከትበት። ቀን ያልተጻፈበት የጾም ዋጋ እስከ ሰኔ ሲጎተት አይተናል።

የቀረው 150 ሊትርና ቅቤ

ከ600 ሊትሩ 200ው ለመደበኛ ደንበኛ፣ 250ው ለማቀነባበሪያ ከሄደ 150 ሊትር ይቀራል። ብዙ ማኅበራት “ቅቤ እናወጣዋለን” ይላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ይህም መሰላት አለበት።

የስቡ መጠን 4 በመቶ ገደማ ከሆነ ወተት በክሬም መለያ መኪና አንድ ኪሎ ቅቤ ለማግኘት 21 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ከ150 ሊትር 7 ኪሎ ይገኛል ማለት ነው። ቅቤው ተጠብቆ በፋሲካ ዋዜማ በ850 ብር ቢሸጥ 5,950 ብር ነው። ስቡ የወጣለትን 130 ሊትር ያህል ወተት አባላት ለጥጃና ለቤት በ5 ብር ቢወስዱት 650 ብር ይሆናል። አይብ በጾም ገዥ ስለሌለውና ስለማይቆይ ከሒሳብ አላስገባነውም። ጠቅላላ ገቢው 6,600 ብር ነው። ለማሰባሰብና ለምርመራ 300 ብር፣ ለቀን ሠራተኛና ለማገዶ 350 ብር፣ በድምሩ 650 ብር ሲቀነስ 5,950 ብር ይቀራል። ይህ ለ150 ሊትር ሲካፈል 39 ብር ከ67 ሳንቲም ነው።

እንግዲህ ማኅበሩ ለቅቤ የሚሆነውን ወተት በ50 ብር ከገዛ በእያንዳንዱ ሊትር ከ10 ብር በላይ፣ በቀን 1,550 ብር ይከስራል። ከማቀነባበሪያው የተገኘው 1,250 ብር ሁሉ ይጠፋል፤ ሌላም ይጨመርበታል። ቅቤ የሚያዋጣው ወተቱ ከ39 ብር በታች የተገዛ እንደሆነ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ሌሎች ነገሮችም አሉ። በጾሙ መግቢያ የወጣ ቅቤ ገንዘብ የሚሆነው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለአባል የሚከፈለው ከየት ይመጣል? ጥሬ ቅቤ በደንብ ታጥቦ በቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይከረፋል። ነጥሮ ከተቀመጠ ይቆያል፤ ነገር ግን ውኃውና አሬራው ስለሚወጣ 7 ኪሎው ወደ 5 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ የንጥሩ ዋጋ ይህን ጉድለት የሚክስ መሆን አለበት። ደግሞም በፋሲካ ዋዜማ ቅቤ ይዞ የሚወጣው የእናንተ ማኅበር ብቻ አይደለም። የክሬም መለያ መኪና የሌለው ማኅበር መኪናውን ለመግዛት ካሰበ በዚህ ስሌት ብቻ መወሰን አይችልም፤ የመኪናው ዋጋ በብዙ ዓመት መዋጮ የሚመለስ ስለሆነ ሌላ ጥናት ይፈልጋል።

ለአባሉ ምን ይከፈለው?

ለግል ነጋዴ የወተት መግዣ ዋጋ ወጪ ብቻ ነው። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ያው 50 ብር የአባሉ ገቢ ነው። የሚወስኑትም አባላቱ ራሳቸው ናቸው። እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው እህሉን በኮታ የሚያስረክብበት ዋጋ ከበላይ ይወሰን ስለነበረ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በጉባኤ መወያየት ትርጉም አልነበረውም። ዛሬ ግን ዋጋው የጠቅላላ ጉባኤው ጉዳይ ነው፤ ከኮሚቴው ክፍል መውጣት አለበት የምንለውም ለዚህ ነው።

ሦስቱን መሸጫዎች ባንድነት እንደምር። ከመደበኛ ደንበኞች 13,000 ብር፣ ከማቀነባበሪያው በራሳችን በር ላይ 14,500 ብር፣ ከቅቤና ከተረፈው ወተት 6,600 ብር፣ በጠቅላላው 34,100 ብር በቀን ይገኛል። ለአባሉ ከሚከፈለው በስተቀር ያለው ተለዋዋጭ ወጪ ለመደበኛው 1,000፣ ለማቀነባበሪያው 750፣ ለቅቤው 650፣ በድምሩ 2,400 ብር ነው። የቀኑ ቋሚ ወጪ 3,000 ብር ሲጨመር 5,400 ብር ይሆናል። የቀረው 28,700 ብር ለ600 ሊትር ሲካፈል 47 ብር ከ83 ሳንቲም ይደርሳል። ማኅበሩ ለሁሉም አባል፣ ለወተቱ ሁሉ፣ 47 ብር ከ50 ሳንቲም ቢከፍል በቀን 200 ብር ይተርፈዋል።

ይህን በአንዲት አባል ቤት እንመልከተው። በቀን ስድስት ሊትር ታመጣለች። ማኅበሩ 50 ብሩን ጠብቆ ሁለት ሊትር ብቻ ሲቀበላት በቀን 100 ብር፣ በ55 ቀን 5,500 ብር ታገኛለች። ስድስቱንም በ47 ብር ከ50 ሲቀበላት በቀን 285 ብር፣ በ55 ቀን 15,675 ብር ታገኛለች። የተመለሰውን አራት ሊትር አትደፋውም፣ በቤቷ ትንጠዋለች የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ55 ቀን 220 ሊትር ይሆናል፤ በቤት መናጫ ስቡ ከአሬራው ጋር ስለሚቀር 8 ኪሎ ቅቤ ብታወጣ 6,800 ብር ነው። አሬራውም ለቤት ይሆናል። ቢደመር ግን 12,300 ብር ነው፤ ከ15,675 ብር 3,375 ብር ይጎድላል። በየቀኑ የመናጡ ድካምም የሴቶቹ ነው፤ በማንም መዝገብ ላይ ሲጻፍ አላየንም።

በማኅበሩ በኩል ደግሞ 200 ሊትር ብቻ ሸጦ በቀን 1,000 ብር ሲጎድልበት በ55 ቀን 55,000 ብር ነው። ሁሉን ተቀብሎ በቀን 200 ብር ሲተርፈው 11,000 ብር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 66,000 ብር ነው።

ጉባኤው ላይ “ዋጋችን ከ50 ለምን ይወርዳል?” የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ቁጣም ይኖራል። የልማት ሠራተኛው 2 ብር ከ50 ለምን እንደተቀነሰ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት አለበት። ቅናሹን የምትሸከመው ላሟን ስለሆነ የአባሉንም ሒሳብ አብሮ ያሳይ። አባሉ በወተት መጠን የሚቀልባት ፉርሽካና ፋጉሎ አለ። በተለመደው ልክ ለሁለት ወይም ለሁለት ተኩል ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ኪሎው 30 ብር ቢሆን ለሊትር ከ12 እስከ 15 ብር ይደርሳል። ድርቆሹና የእረኛው ደመወዝ ወተቱ ተሸጠም አልተሸጠም ያለ ነው። በ47 ብር ከ50 ሲሸጥ ለድርቆሹና ለእረኛው ቢያንስ 32 ብር ከ50 በሊትር ይቀራል። ወተቱ ሲመለስበት ግን ብዙ አባል በመጀመሪያ የሚያደርገው ፋጉሎውን ማቆም ነው። በጾም የተራበች ላም ወተቷ አንዴ ከወረደ በፋሲካ ብትቀለብም ወደ ቀድሞው ልክ በሙሉ አትመለስም። ወተት በሚወደድበት ወቅት ማኅበሩ ወተት የሚያጣው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ በጾም የተመለሰ አባል በፋሲካ ወተቱን ለነጋዴ ስለሚሰጥ ነው፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

ስሌቱ የማያገለግልበት ጊዜ

በመዋጮ ዋጋ መወሰን የሚሠራው ለትርፍ ወተትና ለተወሰነ ጊዜ ነው። ማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ “ከ55 ብር በላይ እስከሆነ ድረስ እንሸጣለን” ካለ ተለዋዋጩን እየሸፈነ ይቆይና የማሽኑ ዕድሜ ሲያልቅ መተኪያ ገንዘብ ያጣል። የዓመቱ መዋጮ ተደምሮ የዓመቱን ቋሚ ወጪ፣ እርጅናውን ጨምሮ፣ መሸፈን አለበት። ስለዚህ የአዘቦቱ 65 ብር ሲወሰን የጾሙ ቀናት ጉድለት ታስቦ መወሰን ይኖርበታል። 60 ብር የሚለው የሙሉ ወጪ ቁጥር ቦታው እዚህ ላይ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ወተት ያጥራል። በዚያን ጊዜ የሚያንሰው ገዥ ሳይሆን ወተቱ ነው። እያንዳንዱ ሊትር ብዙ ወደሚያዋጣበት ይሂድ። “የለመድነው ነው” ተብሎ በዚያ ወቅት ቅቤ ማውጣት ወይም ለማቀነባበሪያው በጾሙ ዋጋ ማቅረብ አይገባም።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ሥራ በጾሙ ሳምንት መጀመር ዘግይቶ መጀመር ነው። በጥር ወር ከሒሳብ ሹሙና ከገንዘብ ያዡ ጋር ተቀምጣችሁ ያለፈውን ዓመት የጾም ወራት መዝገብ አውጡ። በየቀኑ ስንት ሊትር እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ስንቱ እንደተመለሰ ለዩ። የተመለሰው በብዙ ማኅበራት አይመዘገብም፤ ከዘንድሮ ጀምሮ እንዲመዘገብ አድርጉ። ከማቀነባበሪያዎች ጋር የሚደረገው ንግግር ከቅበላው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይሁን፤ ጾሙ ከገባ በኋላ የሚደራደር ማኅበር የቀረበለትን ዋጋ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። ጠቅላላ ጉባኤው የጾሙን ዋጋ ሲያጸድቅ ወደ 50 ብር የሚመለስበትን ቀን አብሮ ያጽድቅ። ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ ዋጋው በመሰብሰቢያ ጣቢያው በር ላይ በትልቁ ተጽፎ መለጠፉን ራሳችሁ ሄዳችሁ ተመልከቱ።